ወተቱ ቀጠነ ሲባል መጀመሪያ የማየው መኖውን ነው

ሥራዬ ወተት መመርመር ነው። ቀኑን ሙሉ ከጠርሙስ፣ ከአሲድ፣ ከሙቅ ውኃና ከሚሽከረከር ማሽን ጋር እውላለሁ። የሚመጣልኝ ናሙና ትንሽ ነው፤ በላዩ የተለጠፈው ወረቀት የላሟን ቁጥርና የታለበችበትን ሰዓት እንጂ ምን እንደበላች አይነግረኝም። እኔ ግን ውጤቱን ካነበብኩ በኋላ ከሁሉ በላይ ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው። ስቡ ሲወርድ፣ ቀለሙ ሲነጣ፣ ሽታው ሲለወጥ መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ላሟ ፊት ባለው ግርግም ውስጥ ነው።

«ላሟ የበላችውን ነው የምንጠጣው» የሚል አነጋገር ደጋግሜ እሰማለሁ። ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን ሰውን ያሳስታል። ከወተት ውስጥ በመኖ ፈጥኖ የሚለወጥ ነገር አለ፤ በጥቂቱ ብቻ የሚነቃነቅ አለ፤ ላሟ የፈለገችውን ብትበላ ንቅንቅ የማይልም አለ። ይህን ልዩነት የማያውቅ አርቢ ገንዘቡን በማይጠቅም ነገር ላይ ያፈሳል፤ ሸማቹም በወተቱ ውስጥ የሌለ ነገር አለ ተብሎ ይሸጥለታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሆዷ ነው። የላም ሆድ አራት ክፍል ሲኖረው ትልቁ ሩመን ይባላል፤ በአንዲት ጎልማሳ ላም ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ሙቀቱ 39 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ የሆነ፣ አየር የሌለበት፣ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ባክቴሪያዎችና ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን የተሞላ የመጥመቂያ ጋን ነው። የሣርን አሰር የሚፈታ ኢንዛይም ላሟ ራሷ የላትም፤ የሚፈቱላት እነዚህ ተሕዋስያን ናቸው። አሰሩንና የእህሉን ስታርች ሲያብላሉ በዋናነት ሦስት አሲዶች ይወጣሉ፦ አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ። አሰር የበዛበት መኖ አሴቲኩን ያበዛል፤ እርሱም ከቡቲሪኩ ጋር በደም ወደ ግት ደርሶ የወተት ስብ ይሠራበታል። እህል የበዛበት መኖ ደግሞ ፕሮፒዮኒኩን ያበዛል፤ ጉበት ወደ ግሉኮስ ይለውጠዋል፣ ከግሉኮሱም ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ይሠራል።

ከወተት ስብ ግማሽ ያህሉ በዚህ መንገድ ግት ውስጥ የሚሠራ ነው። የቀረው ግማሽ በደም ተጓጉዞ የሚመጣ ነው፤ ከመኖው ስብ ወይም ላሟ በገላዋ ላይ ካከማቸችው። እንግዲህ በሁለቱም በር መኖ ይገባል ማለት ነው። ለዚህም ነው ከወተት ክፍሎች ሁሉ ስብን ያህል ለመኖ ፈጥኖ የሚታዘዝ የሌለው።

እኛ ስቡን የምንለካበት ዘዴ ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ገርበር በ1891 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። በመለኪያው ጠርሙስ ውስጥ አስቀድሞ 10 ሚሊ ሊትር ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ይገባል። ከዚያ 11 ሚሊ ሊትር ወተት የጠርሙሱን ግድግዳ ታክኮ ቀስ ብሎ ይንቆረቆራል፤ ከአሲዱ በላይ እንደ ተንሳፈፈ እንዲቆይ ነው፣ ባንድ ጊዜ ከተደባለቁ ወተቱ ያርራል። 1 ሚሊ ሊትር አሚል አልኮል ይጨመርና ጠርሙሱ ተወትፎ ይገለባበጣል። በዚያን ጊዜ እጅ እስኪያቃጥል ስለሚግል በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምይዘው። ነጩ ወተት መጀመሪያ ይቋጠራል፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፣ እየቆየ ወደ ጥቁር ያደላል። አሲዱ ፕሮቲኑን ስላሟሟው ተለይቶ የሚወጣው ስቡ ብቻ ነው። ማሽኑ ካሽከረከረውና በ65 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ከቆየ በኋላ በጠርሙሱ ቀጭን አንገት ላይ ጥርት ያለ ቢጫ ዓምድ ይቆማል። የዓምዱን ታችና ላይ ከዓይኔ ትክክል አድርጌ አነባለሁ፤ ቁመቱ የስቡ መቶኛ ነው።

አንድ ጊዜ የአንድ አዛውንት አርቢ ወተት እየተመላለሰ ይመጣልኝ ነበር። ዓምዱ ቀድሞ 3.8 ላይ ይቆም የነበረው ወደ 2.5 ወረደ። ወተቱን የሚረከባቸው ድርጅት ስልባቦቱን ገፈው እያስረከቡ እንደሆነ ጠርጥሮ ሊመልስባቸው ደርሶ ነበር። ወተት ውስጥ ውኃ መጨመሩን የምናይበት መሣሪያ፣ ላክቶሜትሩ፣ ውኃ አላሳየም፤ ፕሮቲኑም ደህና ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ስቡ ከታለበ በኋላ ተነሥቷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም ግት ውስጥ አልተሠራም። የትኛው እንደሆነ ከጠርሙሱ ማወቅ ስለማይቻል ወደ በረታቸው ሄድኩ።

ላሞቹ ተጋድመዋል፤ አፋቸው ግን ዝም ብሏል። ጠግባ ያረፈች ላም ማመስኳት አለባት፤ ከተጋደሙት ቢያንስ ግማሾቹ ሲያመሰኩ ካልታዩ አንድ ነገር ተበላሽቷል። እበቱ ቀጥኖ አረፋ አውጥቷል፤ በእግሬ ገለጥ ሳደርገው ሆዷ ያልፈጨው የእህል ፍንክች በውስጡ ያብለጨልጫል። ግርግሙ ውስጥ ያለው ዱቄት የሚመስል የላመ መኖ ነው፤ ድርቆሹም በማሽን ተከትክቶ ከጣት ጥፍር ያጠረ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ረጅሙ ድርቆሽ የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ድርቆሽ ወተት አይጨምርም። ይኸን ዱቄት ማብላት ከጀመርኩ ወዲህ ነው ወተቱ የበዛው» አሉኝ።

ልክ ናቸው፤ ወተቱ በዝቷል። ላክቶስ ውኃን ወደ ግት የሚስበው ነገር ስለሆነ ብዙ ላክቶስ ማለት ብዙ ሊትር ማለት ነው። ያላዩት የሌላውን ወገን ነው። ላም ረጅም አሰር ስታኝክና ስታመሰኳ በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ትውጣለች፤ ምራቁ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት የሩመኑን አሲድ ያበርዳል። የላመ መኖ አያስመሰኳም፣ ምራቁ ይቀንሳል፣ አሲዱ ይጨምራል፣ አሰር የሚፈቱት ባክቴሪያዎች ይዳከማሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ በተዛባው ሩመን ውስጥ የመኖው ቅባት ሲለወጥ በመንገዱ የሚፈጠር አንድ የስብ አሲድ ነው። ኬሚስቶች ትራንስ-10፣ ሲስ-12 ሲኤልኤ ይሉታል። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዴል ባውማን ቡድን ይህን አሲድ ሩመኑን አልፎ በቀጥታ ወደ ላሞች ሆድ አስገባ። በቀን 10 ግራም ብቻ በቂ ሆነ፤ የወተቱ ስብ ወደ 40 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። ግት ስብ የሚሠራባቸውን ኢንዛይሞች የሚያስተኛው እርሱ ነው። በመኖው ላይ የፈሳሽ ዘይት ቅባት ከተጨመረበት ችግሩ ይብሳል። እኚህ አዛውንት ሌባ እንዳልሆኑ የሚመሰክር ሳይንስ እያለ ስማቸው ሊጠፋ መድረሱ ዛሬም ያንገበግበኛል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አልጠየቀም። ረጅሙ ድርቆሽ ተመለሰ፤ ጠዋት ከዱቄቱ በፊት እርሱ ይቀርባል። እህሉ ባንድ ጊዜ መሰጠቱ ቀርቶ ለቀኑ ተከፋፈለ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ዓምዱ 3.6 ላይ ቆመ፤ ሊትሩ የቀነሰው በጥቂቱ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ለአርቢዎች ልናገር። ናሙና ስትቀዱ ከአለባው መጀመሪያ አትቅዱ። ከግት ቀድሞ የሚወጣው ወተት ቀጭን ነው፤ የመጨረሻው ጠብታ ደግሞ ከመጀመሪያው በብዙ እጥፍ ስብ ሊኖረው ይችላል። ሙሉው ታልቦ፣ በደንብ ተማስሎ የተቀዳ ናሙና ብቻ ነው ስለ መኖው እውነት የሚናገረው።

ወደ ፕሮቲን እንምጣ። ፕሮቲን በመኖ ያን ያህል አይነቃነቅም፤ ስቡ በመቶኛ ነጥብ ከአንድ በላይ ሲወርድ ፕሮቲኑ የሚንቀሳቀሰው በነጥብ ጥቂት አሥረኛ ነው። ብዙ አርቢ ፕሮቲን ያበላ ላም ፕሮቲን ያለው ወተት ትሰጣለች ብሎ ያስባል፤ ሩመን ግን በዚያ መንገድ አይሠራም። ፊንላንዳዊው አርቱሪ ኢልማሪ ቪርታነን፣ በ1945 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው፣ በ1960ዎቹ ላሞችን አንዳች ፕሮቲን በሌለበት መኖ አኖራቸው፤ ናይትሮጅን ያገኙ የነበረው ከዩሪያና ከአሞኒየም ጨው ብቻ ነበር። ላሞቹ ወተት ሰጡ፤ የወተቱም ፕሮቲን ከለመድነው ብዙ አልተለየም። ፕሮቲኑን የሠሩት በሩመን ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ናቸው፤ ላሟ እነርሱን ፈጭታ ከእነርሱ አካል ፕሮቲን ወሰደች። ይህን ሙከራ ባሰብኩት ቁጥር እደነቃለሁ። የሰው ልጅ ሊበላው ከማይችለው ነገር ላይ ተነሥታ ለልጆቻችን ምግብ የምትሠራ እንስሳ ናት።

በእርግጥ ብዙ ወተት የሚታለብ ላም በዩሪያ ብቻ አትኖርም፤ ጥሩ የፕሮቲን መኖ ያስፈልጋታል። ከልክ ሲያልፍ ግን ትርፉ አሞኒያ ይሆናል፣ ጉበት ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል፣ ከፊሉ በሽንት ከፊሉም በወተት ይወጣል። በእኛ ምርመራ የወተት ዩሪያ ከፍ ብሎ ሲታይ የመኖው ፕሮቲንና ጉልበት ሰጪው እህል አልተመጣጠኑም ማለት ነው። ውድ ፋጉሎ ገዝቶ በሽንት ማስወጣት ያሳዝናል።

በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው መጠናቸው የማይነቃነቀው ደግሞ ካልሲየምና ላክቶስ ናቸው። ላክቶስ ሲበዛ ውኃውንም ስቦ ስለሚመጣ ሊትሩ ይጨምራል እንጂ በሊትር ያለው አይለወጥም። በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ 1.2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ፤ መኖው ካልሲየም ቢያንሰውም ቢበዛውም ይኸው ነው። አብዛኛው ኬዚን ከተባለው የወተት ፕሮቲን ጋር ታስሮ ስለሚወጣ ላሟ ልታሳንሰው አትችልም። መኖው ካጠረ ከአጥንቷ ታወጣለች። በተለይ በወለደች ሰሞን ወተቱ ባንድ ጊዜ ሲመጣ ደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም ይወርድና ትወድቃለች፤ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል፣ አንገቷን ወደ ጎኗ ታጥፋለች፣ ካልታከመች ትሞታለች። ስለዚህ የወተቱ ካልሲየም ጥሩ ነው ማለት ላሟ ደህና በልታለች ማለት አይደለም። ወተቱ ለጠጪው ሳይጎድል ላሟ ልትጎዳ ትችላለች። ብረትም እንዲሁ ነው፤ ወተት በተፈጥሮው ብረት የለውም ማለት ይቀላል፣ ለላሟ የቱንም ያህል ብታበሏትም አይጨምርም። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን የላም ወተት ዋና መጠጥ መሆን የሌለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቀለሙን ዓይን ያየዋል። ለምለም ሣር ቤታ ካሮቲን ይዟል፤ ቤታ ካሮቲን በስብ ውስጥ ስለሚሟሟ ክሬሙንና ቅቤውን ቢጫ ያደርገዋል፤ ሰውነታችንም ቫይታሚን ኤ ያወጣበታል። ሣሩ ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ረጅም ጊዜ ሲሰጣ ካሮቲኑ ይጠፋል። የነጣ ገለባ የበላች ላም ቅቤዋ የሚነጣው ለዚህ ነው። ቫይታሚን ኢም ከለምለም መኖ ጋር አብሮ ይመጣል፣ አብሮ ይሄዳል። ቀደም ሲል የጠቀስኩት ቪርታነን ኖቤል ያሸለመው ሥራ ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ እርጥብ መኖን አሲድ ጨምሮ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ከ4 በታች እንዲሆን በማድረግ ሳይበሰብስ፣ ፕሮቲኑና ካሮቲኑ ሳይጠፉ እንዲከርም አደረገ። ሣር በማይበቅልበት ወራት ወተቱ ቫይታሚኑን ይዞ እንዲቆይ አሰበ። ዛሬ የተብላላ መኖ፣ ሳይሌጅ፣ በየቦታው የሚዘጋጀው በዚሁ ሐሳብ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ቢጫነት ብቻውን መለኪያ አይሆንም። የጀርሲና የገርንሲ ዝርያዎች ካሮቲኑን እንዳለ ወደ ወተት ሲያሳልፉ ፍየልና ጎሽ ወደ ቫይታሚን ኤ ለውጠው ስለሚያወጡት ወተታቸው ነጭ ነው፤ ነጭ ስለሆነ ግን ቫይታሚን አጥሮታል አይባልም።

አሁን ብዙ ወሬ ወደሚወራበት ወደ ኦሜጋ-3 ልለፍ። ሣር በውስጡ ሊኖሌኒክ አሲድ የሚባል የኦሜጋ-3 ቅባት አለው። ይህ ቅባት ሩመን ውስጥ ሲገባ ተሕዋስያኑ በሃይድሮጅን እየሞሉ አብዛኛውን ወደሚረጋ ስብ ይለውጡታል። ለዚህ ነው ፈሳሽ ቅባት ያለው ሣር የበላች ላም ቅቤዋ የሚረጋው። ጥቂቱ ግን ያመልጣል፤ ሣር የምትግጥ ላም ብዙ ስለምትበላ የሚያመልጠውም ይበዛል። በመንገድ ላይ የሚቀረው ቫክሲኒክ አሲድም ግት ውስጥ ሩሜኒክ አሲድ ወደሚባለው ይለወጣል፤ እርሱ ቅድም ስብ ቀነሰ ካልኩት ጋር ቅርብ ዘመድ ቢሆንም ያን ጉዳት አያደርስም። በ2016 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ኒውትሪሽን የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ ኦርጋኒክ ወተት (ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ከበቀለ መኖ የተገኘ) ከተለመደው ወተት ይልቅ ግማሽ እጥፍ ያህል የበለጠ ኦሜጋ-3 እንዳለው አሳይቷል፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ላሞቹ ሣር በብዛት መጋጣቸው ነው።

ልዩነቱ እውነት ነው። እኔ ግን መጠኑንም እመለከታለሁ። በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ወተት ውስጥ 9 ግራም ያህል ስብ አለ፤ ከእሱ ውስጥ ሊኖሌኒክ አሲድ የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ከ0.1 ግራም በታች ነው የምናወራው፤ አዋቂ ሰው በቀን ከ1 ግራም በላይ ያስፈልገዋል። የተፈጨ ተልባ ለላሟ መስጠት መጠኑን ከፍ ያደርገዋል፤ የቅባቱ ጠቅላላ መጠን ከደረቁ መኖ ከ6 እስከ 7 ከመቶ ሲያልፍ ግን ሩመን ይታወካል፣ ስቡም ይወርዳል። ኦሜጋ-3 የፈለገ ሰው ተልባውን ራሱ ቢበላው ይሻለዋል። ሣር የበላች ላምን ወተት እወዳለሁ፤ ጣዕሙንም፣ የቅቤውን ልስላሴም፣ የላሟንም ጤንነት። እንደ መድኃኒት ተደርጎ ሲሸጥ ግን አልስማማም።

ደግሞም ሣር ሁሉን አይሰጥም። ያው ትንተና ኦርጋኒኩ ወተት አዮዲንና ሴሌኒየም እንደሚያንሰው አሳይቷል። አዮዲን ከማዕድናት ሁሉ ለመኖ በጣም የሚታዘዝ ነው፤ ላሟ በማዕድን ጨው ያገኘችው በቀናት ውስጥ ወተቷ ላይ ይታያል፣ ሲቋረጥባትም ይወርዳል። የጎመን ዘርና የመሰል ተክሎች ፋጉሎ ሲበዛ አዮዲኑ ወደ ወተት እንዳያልፍ ያግዳል። አፈሩ አዮዲን በሌለበት ቦታ ሣሩም የለውም። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት አዮዲን ከወተት አገኛለሁ ብላ ስትጠጣ ያ አዮዲን በግርግሙ ውስጥ በነበረች አንዲት የማዕድን ጡብ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለ ቫይታሚን ቢ12ም እንዲሁ፤ የሩመን ባክቴሪያዎች ናቸው የሚሠሩት፣ ለመሥራት ግን ኮባልት ያስፈልጋቸዋል። በቂ ኮባልት ካላገኙ ላሟም ትከሳለች።

ጣዕም በሰዓታት ይለወጣል። ላሟ የዱር ሽንኩርት ከጋጠች ሽታው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ወተት ይገባል፤ በሆዷ ብቻ ሳይሆን በምትተነፍሰው አየር በሳንባዋም በኩል። የሳይሌጅ ሽታም እንዲሁ። ስለዚህ ሽታ ያለው መኖ የሚሰጠው ከአለባ በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ የማዝንበት ጉዳይ ግን ሻጋታ ነው። እርጥበት በገባበት እህልና ፋጉሎ ላይ የሚያድግ አንድ ዓይነት ሻጋታ አፍላቶክሲን ቢ1 የሚባል መርዝ ያመነጫል። ጉበትን የሚጎዳ፣ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። ላሟ ስትበላው ጉበቷ አፍላቶክሲን ኤም1 ወደሚባል ሌላ መርዝ ይለውጠዋል፤ ከተበላው ከመቶ ጥቂት እጅ የሚሆነው በወተቷ ይወጣል፣ ያውም በ24 ሰዓት ውስጥ። ማፍላት አያጠፋውም፤ ፓስተራይዝ ማድረግም አያጠፋውም። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ ያስቀመጠው ገደብ በኪሎ ግራም ወተት 0.5 ማይክሮ ግራም ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 0.05 ብቻ ይፈቅዳል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ገርበርም አያሳየውም፤ ለብቻው መመርመር አለበት። ብዙ ሰው የሻገተውን ለሰው እንደማይሆን ያውቅና «ለላሟ ይሁን» ይላል፤ ከብቱ ይበላዋልና። ላሟ የበላችው ግን ዞሮ ልጅ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል።

አንድ ተስፋ ያለው ነገር፣ የተበከለው መኖ ሲቆም መርዙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከወተቱ ይጠፋል። ስለዚህ ጆንያ ስትከፍቱ መጀመሪያ እጃችሁን አስገቡ፤ ቢሞቅ፣ ቢያያዝ፣ አቧራው ቢነሣ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ነገር ቢታይ ለጥገት አትስጡ። ጆንያውን ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግድግዳም አራርቃችሁ አስቀምጡ። ፋጉሎ ስትገዙ ከላዩ ሳይሆን ከመሀሉ ሰብራችሁ እዩት።